ላምባ በሐኪም ዓይን፦ ከአሰብ ማጣሪያ እስከ ጎባ የሕፃናት ክፍል



ማኅበራችን ለዘንድሮው የመገናኛ መጽሔት «አንድ የታሪክ ጽሑፍ ላኪልን» ሲለኝ፣ የተማሪነት ዘመናችንን ትዝታ እንደምጽፍ የጠበቃችሁ ትኖሩ ይሆናል። ያንን ከእኔ የተሻለ የሚጽፉት ብዙ ናቸው። እኔ የመረጥኩት ነዳጅን ነው። «ሐኪም ነዳጅ ውስጥ ምን አገባት?» ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፦ ባሌ ደጋ ላይ የሠራ ሐኪም ከነዳጅ ጋር ሳይገናኝ አይከርምም። በሕፃን ሳንባ ውስጥ ያገኘዋል፣ በተቃጠለ ቆዳ ላይ ያገኘዋል፣ በክትባት ማቀዝቀዣ ሥር ያገኘዋል፤ ሪፈር የተጻፈላት ወላድ እየጠበቀች «አምቡላንሱ ናፍጣ የለውም» ሲባልም ያገኘዋል።

የነዳጅ ታሪካችን ብዙ ጊዜ የሚነገረው በዋጋና በፖለቲካ ነው። እኔ ደግሞ ከበሽተኛው አልጋ አጠገብ ሆኜ ልናገረው። ታሪኩ ከዓለም ጋር የተሳሰረ ስለሆነ ዓመቶቹን በአብዛኛው እ.ኤ.አ. አስቀምጣለሁ፤ የራሳችንን አቆጣጠር ስጠቀም ዓ.ም. እላለሁ።

የሐኪሞችና የመድኃኒት ቀማሚዎች እጅ

ድፍድፍ ነዳጅን አጣርቶ መብራት ማድረግ የመሐንዲሶች ብቻ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ። በፈንጣጣና በኩፍኝ መካከል ያለውን ልዩነት በመጻፉ የምናውቀው የፋርሱ ሐኪም አል-ራዚ፣ ከሺህ ዓመት በፊት ድፍድፉን በማፍያ ዕቃ እያተነነ ንጹሕ የመብራት ዘይት የሚያወጣበትን ዘዴ በመጽሐፉ ገልጾ ነበር። በአዲሱ ዘመን ደግሞ ካናዳዊው አብርሃም ጌስነር፣ እሱም ሐኪም ነው፣ በ1840ዎቹ ከድንጋይ ከሰል ያወጣውን ዘይት «ኬሮሲን» ብሎ ሰየመው። በ1853 ልቮቭ ከተማ ውስጥ ኢግናሲ ሉካሲዬቪች የተባለ የመድኃኒት ቀማሚ ከድፍድፍ ላምባ አጥርቶ የሚያበራ ፋኖስ ሠራ። በዚያው ዓመት ጁላይ 31 ቀን የከተማው ሆስፒታል አስቸኳይ የሌሊት ቀዶ ሕክምና ያደረገው በእሱ ፋኖስ ብርሃን ነበር። የዘመናዊው የነዳጅ ኢንዱስትሪ ልደት ከሚባሉት ቀኖች አንዱ፣ እንግዲህ፣ የኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ነው።

ከዚያ በኋላ የመጣው ግን የቃጠሎ ዘመን ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ ቤንዚን ፈላጊ ስላልነበረው ከርካሽም ርካሽ ነበር፤ መኪና ገና አልተፈጠረማ። ስግብግብ ነጋዴ ቤንዚኑን ከላምባው ጋር ይደባልቅና ይሸጣል፤ ፋኖሱ በቤተሰብ መካከል ይፈነዳል። በዚህ የሞተው ሰው በብዙ ሺህ ይቆጠራል። ሮክፌለር ኩባንያውን «ስታንዳርድ ኦይል» ያለው ላምባው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ጥራት አለው ለማለት ነው። መንግሥታትም የላምባን እሳት የመያዣ ሙቀት በሕግ መወሰን ጀመሩ። ስለ ሙቀቱ ዝቅ ብዬ እመለስበታለሁ።

አሰብ

ወደ አገራችን ስንመጣ ታሪኩ የሚጀምረው ከሞስኮ ጉዞ ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1959 ሶቭየት ኅብረትን ጎብኝተው የ400 ሚሊዮን ሩብል ብድር አገኙ። ከዚያ ብድር ትልቁ ፍሬ የአሰብ ነዳጅ ማጣሪያ ሆነ። ማጣሪያው በ1967 ሥራ ሲጀምር በዓመት 500 ሺህ ቶን ያህል ድፍድፍ እንዲያጣራ የተሠራ ነበር። ከምዕራቡ ዓለም ጋር የቅርብ ወዳጅነት በነበራት ንጉሣዊ መንግሥት ውስጥ፣ በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ የሶቭየት መሐንዲሶች የሠሩት ማጣሪያ! የዚያ ዘመን ዲፕሎማሲ እንዲህ ነበር።

ማጣሪያ ያለው አገር ግን ድፍድፍ አለው ማለት አይደለም። በ1973 የዓለም ድፍድፍ ዋጋ ሲያሻቅብ አሰብ ሊያድነን አልቻለም። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በግማሽ ያህል ተጨመረ፤ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፤ ከመምህራኑና ከወታደሩ ጥያቄ ጋር ተዳምሮ ዘውዱ የወደቀበት ዓመት ሆነ። በደርግ ዘመን ደግሞ ድፍድፉ በአብዛኛው የሚመጣው ከሶቭየት ኅብረት ነበር። ሶቭየት ሲዳከም የእኛም ማደያ ደከመ። ያን ዘመን የምታስታውሱ ታላላቆቻችን የነዳጅ ሰልፉን ከእኔ በላይ ትናገራላችሁ።

ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነች በኋላም ማጣሪያው ለኢትዮጵያ ነዳጅ ማጣራቱን ቀጠለ። በመጨረሻ በ1997 ተዘጋ። ዕቃው አርጅቷል፤ የተጣራ ነዳጅ ገዝቶ ማስገባት ድፍድፍ ገዝቶ አሰብ ላይ ከማጣራት ይረክሳል የሚል ስሌት ነበር። በዓመቱ ጦርነት መጣና የአሰብ መንገድ ራሱ ተዘጋ።

ማማው ውስጥ የሚሆነው

አሁን ትንሽ ኬሚስትሪ ፍቀዱልኝ፤ ያለ እሱ የሚቀጥለው አይገባም። ድፍድፍ አንድ ነገር አይደለም፤ መጠናቸው የተለያየ የካርቦንና የሃይድሮጅን ሰንሰለቶች ድብልቅ ነው። ማጣሪያው ድፍድፉን እስከ 350 ዲግሪ ሴልሽየስና ትንሽ ከዚያም በላይ ያሞቅና ረጅም ማማ ውስጥ ይለቀዋል። ማማው ከሥር ትኩስ፣ ከላይ ቀዝቃዛ ነው። ተን ወደ ላይ ሲወጣ እያንዳንዱ ክፍል እንደ ጠባዩ በየደረጃው ወደ ፈሳሽነት ይመለሳል። ከላይ ለሲሊንደር የሚሆነው ጋዝ ይወጣል። ቀጥሎ ቤንዚን፣ ከዚያ ከ150 እስከ 275 ዲግሪ አካባቢ የሚፈላው ላምባ፣ ከላምባው ሥር ናፍጣ። ማማው ግርጌ የሚቀረው ጥቁርና ወፍራሙ ለፋብሪካና ለመርከብ ማገዶ የሚሆነው ዘይትና የመንገዱ ሬንጅ ነው። አረቄ ያወጣች እናት ያላችሁ ይህን ለመረዳት አትቸገሩም፤ ልዩነቱ በአንድ እንስራ ፈንታ በየፎቁ መቀበያ መኖሩ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የስም ነገር አለ። እኛ «ናፍጣ» የምንለው ዲዝሉን ነው። ኬሚስቶች በዚሁ ስም የሚጠሩት ግን በጣም ቀላሉን፣ ቤንዚን የሚሠራበትን ክፍል ነው። የውጭ መጽሐፍ የሚያነብ ተማሪ እንዳይሳሳት መምህራኖቻችን ቢነግሩት ጥሩ ነው። የመርዝ ሕክምናን ምዕራፍ ሲያነብ ልዩነቱ ቀላል አይደለም።

ከማማው ግርጌ የሚቀረውን ወፍራም ክፍል ከ370 ዲግሪ ያህል በላይ ማሞቅ አይቻልም፤ ሰንሰለቶቹ ይሰባበራሉ። ታዲያ ትልልቆቹ ማጣሪያዎች እንዴት ይለዩታል? ግፊቱን ቀንሰው ያፈሉታል። ግፊት ሲቀንስ ፈሳሽ በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ይህን ለጎባ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ባቄላው ለምን እንደማይበስል ያውቃል! 2,700 ሜትር ላይ ባለችው ጎባ ውኃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ወደ ሳነቲ አምባ ወጥታችሁ 4,000 ሜትር ላይ ብትጥዱት ደግሞ በ87 ገደማ ይፈላል። የማምከኛ ድስት የሚጠቀም የጤና ጣቢያ ባልደረባም ይህን ልብ ሊል ይገባል። በባሕር ጠረፍ 121 ዲግሪ የሚሰጠው የ15 ፓውንድ የግፊት ንባብ ጎባ ላይ 116 አካባቢ ብቻ ነው የሚሰጠው። ስለዚህ ወይ ግፊቱ ይጨመራል፣ ወይ ጊዜው ይረዝማል።

አሰብ ቀላል ማጣሪያ ነበር፤ ሥራው በዋነኛነት መለያየት እንጂ ከባዱን ክፍል ሰባብሮ ወደ ቀላል መለወጥ አልነበረም። ውጤቱም የሚፈለገውና የሚወጣው አለመመጣጠን ሆነ። አገሩ ናፍጣና ላምባ ይጠማል፤ ከማማው ግርጌ ግን ጥቁሩ ዘይት ይተርፋል፣ ወደ ውጭም ይሸጣል። እጥረትና ትርፍ በአንድ ግቢ ውስጥ።

ወደ ደጋው የሚወጣው ቦቴ

ከአሰብ አዲስ አበባ ወደ 900 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከአዲስ አበባ ሮቤ ሌላ 430 ኪሎ ሜትር ያህል። ቦቴው ከአፋር በረሃ ተነስቶ በአሰላ ወይም በሻሸመኔ በኩል ዞሮ፣ የአርሲንና የባሌን ብርድ ተሻግሮ ሮቤ ሲደርስ፣ የጫነው ነገር እንደየጠባዩ ለየቤቱ ይከፋፈላል። ናፍጣው ለሲናና ስንዴና ገብስ ኮምባይነር፣ ለወፍጮውና ለመኪናው። ላምባው ለኩራዙና ለምድጃው። ትንሹ ላምባ ደግሞ ለጤና ጣቢያው።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ሙያ ታሪክ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመጨረሻው የፈንጣጣ ወረርሽኝ የታየው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ያኔ የባሌ ክፍለ ሀገር አካል በነበረው ቆላ፣ ዲሞ በተባለ መንደር ነው። የዘመቻው ሠራተኞች በእግር፣ በበቅሎ፣ በላንድሮቨርና በሄሊኮፕተር ተጉዘዋል። የሄሊኮፕተሩ ተርባይን የሚያነደውም እንደ አውሮፕላን ነዳጅ ሁሉ በጥንቃቄ የተጣራ ላምባ ነው። የፈንጣጣ ክትባት በብርድ የደረቀ ስለነበረ ሙቀት ይችል ነበር። በ1980 አገር አቀፉ የክትባት ፕሮግራም ሲጀመር ግን የኩፍኝና የፖሊዮ ክትባት እንደዚያ አይታገሡም፤ ከፋብሪካ እስከ ሕፃኑ ድረስ ቅዝቃዜ ይፈልጋሉ። መብራት ያልገባበት ጤና ጣቢያ ይህን ቅዝቃዜ ያገኘው ከእሳት ነው። ከማቀዝቀዣው ሥር የላምባ ክር ይነዳል፤ ሙቀቱ በውስጡ ያለውን አሞኒያ ያተናል፤ አሞኒያው መልሶ ሲቀዘቅዝና ሲተን የሣጥኑን ሙቀት ይስባል። ክሩ ካልተከረከመ፣ ላምባው ከቆሸሸ፣ ጢሱ ጥቀርሻ ይሠራል፤ ማቀዝቀዣው ይሞቃል፤ ክትባቱ ይበላሻል። በዕድሜ የገፉ የጤና ረዳቶች ሲያወሩ እንደሰማሁት፣ ከመርፌው ይልቅ ያስጨነቃቸው ክሩ ነበር።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በ1988 በዋቢ ሸበሌ ወንዝ ላይ 153 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የመልካ ዋከና ኃይል ማመንጫ ሥራ ጀመረ። ኤሌክትሪክ ከደጃፋችን ይወጣል፤ በዙሪያው ያሉ ብዙ የገጠር ቤቶች ግን ከዚያ በኋላም ለረጅም ዓመታት በኩራዝ አመሹ። ማመንጨትና ማዳረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እንደ ክትባትና እንደ መከተብ።

እያንዳንዱ ጠባይ የራሱ በሽታ አለው

የማጣሪያ ቤተ ሙከራ ለእያንዳንዱ ነዳጅ የሚሞላው የጠባይ ሰንጠረዥ አለ። ያንን ሰንጠረዥ ሳነብ እኔ የማየው ቁጥር ሳይሆን በሽተኛ ነው።

መጀመሪያ ቅጥነቱ። የነዳጅ ሰዎች «ሳይቦልት» በሚባል መሣሪያ ይለኩታል፤ 60 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ በጠባብ ቀዳዳ ለመውረድ ስንት ሴኮንድ ይፈጅበታል? ከ60 ሴኮንድ በታች የሚወርድ ሁሉ ለሳንባ አደገኛ ነው። ላምባ 35 ሴኮንድ አካባቢ ነው። የሞተር ዘይት ከዚያ እጅግ ይዘገያል። ስለዚህ ነው የሞተር ዘይት የላሰ ሕፃን ብዙ ጊዜ ደህና ሆኖ፣ ላምባ የጠጣው ግን በሰዓታት ውስጥ እያቃሰተ የሚመጣው። ላምባ ሆድ ውስጥ ሲገባ ብዙም አይጎዳም፤ ከሆድ ወደ ደም የሚያልፈው ጥቂት ነው። የሚጎዳው ሲያስለው ወይም ሲያስመልሰው ወደ ሳንባ የገባው ነው። ለዚያ ደግሞ አንድ ሚሊ ሊትር እንኳን አይፈልግም፤ ቀጭን ስለሆነ በሳንባው ውስጥ ይሰራጫል፣ የአየር ከረጢቶቹን ከፍቶ የሚይዘውን ሽፋን ያጥበዋል።

ጎባ ሆስፒታል፣ ዛሬ የመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ማስተማሪያ የሆነው፣ ወደ ሕፃናት ክፍሉ የሚመጡትን ልጆች ታሪክ ብትጠይቁ ተመሳሳይ ነው። ላምባው የተቀመጠው በሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ልጁ ውኃ መስሎት ነው፤ እናት ወተት ሰጥታዋለች ወይም ጣት ከትታ አስመልሳዋለች። እናትን አልወቅስም፤ ለመርዝ ወተት መስጠት ከአያት የተወረሰ ደግነት ነው። ለላምባ ግን ሁለቱም ይጎዳሉ፤ ማስመለስ ሳንባውን ለሁለተኛ ጊዜ ማጋለጥ ነው፣ በወተት የተሞላ ሆድም ለማስመለስ ይቀርባል። የሆድ እጥበትም ለዚሁ ምክንያት አይደረግም። ልብሱን ማውለቅ፣ ቆዳውን ማጠብ፣ ኦክስጅን፣ ቢያንስ ስድስት ሰዓት መከታተል፤ ዋናው ሕክምና ይሄው ነው። በመኸር ወቅት ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ከበርሜል ወደ ኮምባይነር ናፍጣ ለመገልበጥ ቱቦውን በአፉ የሚስብ ረዳት፣ አንድ ጊዜ ወደ ውስጥ ከሳበው በማግስቱ ትኩሳትና የደረት ውጋት ይዞት ይመጣል። «ብርድ መታኝ» ይላል። የእጁን ሽታ የሚያስተውል ሐኪም ምክንያቱን ያገኘዋል።

ሁለተኛው እሳት የመያዣ ሙቀት ነው። ላምባ ተኑ ለእሳት የሚበቃው ከ38 ዲግሪ በላይ ሲሞቅ ነው፤ ለዚህ ነው ያለ ክር በቀላሉ የማይቀጣጠለው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ተኑ እሳት ይይዛል። የሳነቲ ሌሊት እስከ 15 ከዜሮ በታች ሲወርድ እንኳ ለቤንዚን ገና «ሙቅ» ነው። ቤንዚን የነበረበትን ጀሪካን ሳያጥብ ላምባ የሚቀዳበት ሰው፣ ያንን የ19ኛውን ክፍለ ዘመን ነጋዴ ስህተት ሳያውቅ ይደግመዋል። ቃጠሎው ፊትና ደረት ላይ የሆነ፣ «ምድጃው ፈነዳ» የተባለ በሽተኛ ሲመጣ፣ «ምን ቀዳችሁበት?» ብሎ መጠየቅ የሐኪም ወግ መሆን አለበት። ቀሪው ጀሪካን ገና እቤት ነው፤ ነገም ሌላ ሰው ሊያቃጥል ይችላል።

ሦስተኛው ጢሱ ነው። ጥሩ ላምባ ረጅም ነበልባል ሳያጨስ ይሰጣል። ኩራዝ ግን መስታወት የለውም፤ አየሩ አይመጠንም፤ ስለዚህ ጥሩው ላምባም ያጨሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2014 ላምባ በቤት ውስጥ እንዳይነድ የመከረው በዚህ ጢስ የተነሳ ነው። ለፈተና በኩራዝ ያጠናን ሰዎች ጠዋት አፍንጫችንን ስናጸዳ የምናየውን ጥቁር ነገር አንረሳውም።

አራተኛው እርሳስ ነው። ቤንዚን ሞተር ውስጥ ያለጊዜው እንዳይፈነዳ የኦክቴን ቁጥሩ ከፍ ማለት አለበት። ይህን በማጣራት ሂደት ማምጣት ይቻላል፤ ግን ዋጋ አለው። በ1921 አሜሪካ ውስጥ ቴትራኤቲል ሊድ የተባለ የእርሳስ ውሁድ ጠብ በማድረግ በርካሽ እንደሚገኝ ታወቀና ዓለም ሁሉ ያዘው። እርሳስ የልጆችን አእምሮ እንደሚጎዳ ሐኪሞች ሲናገሩ አሥርት ዓመታት አለፉ። ከሰሃራ በታች ያሉ የአፍሪካ አገሮች በ2001 ዳካር ላይ ተስማምተው በ2006 መባቻ ተሰናበቱት፤ በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 አቆመች። አንድን የነዳጅ ጠባይ ለመቀየር መቶ ዓመት!

ከዚህ ወዴት?

አሰብ ከተዘጋ ጀምሮ የምናነደው ሁሉ ተጣርቶ በጅቡቲ በኩል የሚገባ ነው፤ ለዓመታት ቤንዚን ከሱዳንም በመተማ በኩል ይመጣ ነበር። በ2024 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ አገደ። በመስከረም 2018 ዓ.ም. ደግሞ በሶማሌ ክልል፣ ጎዴ ላይ በዓመት 3.5 ሚሊዮን ቶን የሚያጣራ ማጣሪያ ግንባታ መጀመሩ ይፋ ሆነ። ከአሰብ ሰባት እጥፍ ማለት ነው። ሁለቱ ዜናዎች የሚጋጩ ይመስላሉ፤ ግን የኮምባይነሩና የቦቴው ናፍጣ ቶሎ አይቀርም።

እንግዲህ እኛ የሕክምና ሰዎች ምን እንበል? ማጣሪያ ገና በንድፍ ላይ እያለ ነው ጥያቄ የሚጠየቀው። ናፍጣው ስንት ድኝ ይኖረዋል? አውሮፓ ከ2009 ጀምሮ በሚሊዮን 10 እጅ ላይ ወስኗል፤ ከዚያ በላይ ያለው ድኝ የጢስ ማጣሪያውን ያበላሻል፣ ወደ ልጆቻችን ሳንባ ይገባል። ላምባው ሲሸጥ ከውኃ እንዲለይ ቀለም ይኖረዋል? ልጅ የማይከፍተው ክዳን ያለው ዕቃ አብሮ ይሸጣል? እነዚህ የመሐንዲስ ጥያቄዎች ብቻ አይደሉም። በእርሳሱ ጉዳይ ሙያችን ዘግይቶ ተሰማ፤ ድኝ ላይ እንዳይዘገይ።

ለመምህራኖቻችን ሁለት ሐሳብ አለኝ። አንደኛ፣ የሕፃናት ሕክምና ተማሪዎች የላምባን መመረዝ ሲማሩ ግማሽ ሰዓት ከኬሚካል ምህንድስና ባልደረቦቻችን ጋር ይቀመጡ፤ ቅጥነትና እሳት የመያዣ ሙቀት ከገባቸው «አታስመልሱ» የሚለውን በቃል መሸምደድ አያስፈልጋቸውም። ሁለተኛ፣ አሰብ ማጣሪያ የሠሩ ቴክኒሻኖች፣ ያን መንገድ የነዱ የቦቴ ሾፌሮች፣ በላምባ ማቀዝቀዣ ክትባት የጠበቁ የጤና ረዳቶች ዛሬ አዛውንት ናቸው። ቃላቸው የሚገኘው በየቤታቸው ነው። ማኅበራችን በየከተማው አባል አለው፤ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ሰው ብናናግር የሚቀጥለው መጽሔት ከእኔ የተሻለ ጽሑፍ ይኖረዋል። ከሮቤና ከጎባ በኩል ያለውን እኔ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን ሦስት የጤና ረዳቶችና አንድ ሾፌር ቃላቸውን ሰጥተውኛል። ሾፌሩ አሰብ ላይ የቀዳውን ነዳጅ ሽታ ዛሬም ከሌላው እለየዋለሁ ይላል።

መልካም የመገናኛ በዓል ይሁንልን።